«አጠፋሁት» ስለተባለው ኮምፒዩተር

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጂቱ በዳዳ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የጽዳትና የሻይ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ካራ፣ የቤት ቁጥር 114
ቀን፦ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም.
ተጠርጣሪ፦ ለይኩን ከበበ
ጉዳዩ፦ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ወጣቶችን ስም ከኮምፒዩተር በማጥፋት አሻጥር

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው፣ ሲግናል አካባቢ በሚገኘው መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ነኝ። ተጠርጣሪው ለይኩን የዚያው ቤት የኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ጠብም ዝምድናም የለንም፤ ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ የምልምሎቹ ስም ያለበት ኮምፒዩተር «ዲስክ የለኝም» የሚል ጽሑፍ ማውጣቱን ለይኩን ነገረኝ። ክዳኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን እየነቀለ መልሶ ሰካ፣ አቧራውን አራገፈ፤ ቢያበራው ያው ነው። «እትዬ ጂቱ፣ ስሞቹስ እንዳሉ አሉ፤ ዲስክ እንዳለው የረሳው እሱ ነው። የማስታወሻው ባትሪ ሳታልቅ አልቀረችም» አለኝ። እኔም «እንደ ሟቹ ባለቤቴ ነዋ! ቤት እንዳለው እየረሳ ጠጅ ቤት ያድር ነበር» ብዬው ሳቅን። ባትሪዋ አገር ውስጥ እንደማትገኝ ሲነግረኝ ግን እሱም ሳቁን ተወ።

ወዲያው ኃላፊያችን ጓድ ገረሱ ስልክ ደውለው ምን እንዳደረገው ጠየቁት። ለይኩን «አጠፋሁት፣ ጓድ» ሲል ሰምቻለሁ። «እንደገና ላበራው ነው» ሲልም ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ስልኩ ተዘግቶበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ሻዩን እንኳ አልጨረሰውም።

በእኛ በኦሮምኛ እሳትም መብራትም ሲያጠፉ «ዻምሱ» ይባላል፤ ነገር ሲያበላሹ ደግሞ «በሌሱ» ነው። ሁለቱ አይገናኙም። አማርኛው ሁለቱንም «አጠፋ» ስለሚል ነው ልጁ የተያዘው ብዬ ለመርማሪው ለሃምሳ አለቃ ሰቦቃ ባስረዳ፣ «ቃሉንስ እኔም ከእናቴ ጡት ነው የጠባሁት፣ እትዬ። መዝገቡ ግን በአማርኛ ነው» ብለውኛል።

ቃሌ ሲነበብልኝ «አጠፋሁት ሲል ሰምቻለሁ» ከሚለው ሥር በቀይ ተሰምሮበት አየሁ። አላልኩም እንዳልል ብያለሁ። ስለዚህ ይህ ብቻ እንዲጨመርልኝ ለመንኩ፦ ዛሬ ወደዚህ ስመጣ እኔም የቤቴን መብራት አጥፍቼ ነው የመጣሁት።

የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም እንደሌለ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ፈርሜ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጂቱ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ሰቦቃ ዋቅጅራ (ፊርማ)