ፎቶ አዳሹና ሳጥን አልባው ኮምፒውተር

አሮጌ ፎቶ በማደስ አርባ ዓመት የኖሩት አዛውንት የሱቃቸውን በር ቆልፈው ደረጃውን ሊወርዱ ሲሉ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷ የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ ለቤቷ የገዛችው ኮምፒውተር ያለበትን ሰፊና ስስ ካርቶን አቅፋለች። እሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘዋል።

«ወዴት ነው አጎቴ? ፊትዎ ጥሩ አይደለም።»

«የልብስ ሰፊዋን አደራ ልመልስ ነው። የሟች እናቷ ፎቶ ነው፤ ያላትም ይኸው አንድ ብቻ። ስንጥቁ ፊቷን ለሁለት ከፍሎታል። ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል። በቃኝ ልጄ፤ ሱቁንም ልዘጋው ነው።»

ልጅቱ «ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ» ብላ ቁልፉን ተቀበለቻቸው።

ሱቁን ከፍታ ኮምፒውተሩን ከካርቶኑ አውጥታ ከብሩሾቹና ከቀለም ጠርሙሶቹ አጠገብ አቆመችው። አዛውንቱ ካርቶኑን ገልብጠው አራገፉት።

«ሌላው የታለ?»

«የቱ ሌላው?»

«ሳጥኑ ነዋ! ባንክ ቤት ያየሁት ከእግር ሥር የሚቀመጥ ሳጥን ነበረው። አታለውሻል፤ ቴሌቪዥን ነው የሸጡልሽ!»

«ኦል ኢን ዋን ይሉታል፤ ሳጥኑ ከስክሪኑ ጀርባ ገብቷል። የሚሰካው ገመድም አንድ ነው። ይህች ጠባብ ጠረጴዛ እሱንም ብሩሽዎንም ትችላለች።»

«መልካም። ሁሉም አንድ ላይ ከታጨቀ ግን አንዱ ሲታመም ሁሉም መተኛቱ አይደል?»

ሰውዬው ግትር ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም፤ ይህን ጥያቄ ሻጮቹ ራሳቸው ሊሰሙት አይወዱም።

«እውነትዎን ነው፤ አልሸነግልዎትም» አለች። «ስክሪኑ ከተሰበረ ሙሉው ለጥገና ይሄዳል። ቆይቼ አቅሙን ላሳድግ ቢሉም እንደ ባለ ሳጥኑ አይመችም። እንደ ላፕቶፕ ይዘውትም አይዞሩም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደህናውን መግዛት፣ የሥራዎን ቅጂም ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። ግን እርስዎ ከዚህ ወንበር ተነስተው የት ይሄዳሉ? የሚያስፈልግዎ ትልቅና ጥርት ያለ ምስል ነው።»

ፎቶውን በስልኳ አንስታ ወደ ኮምፒውተሩ ላከችው። የሟቿ ፊት ስክሪኑን ሞላው። አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ ተለጠፉ። ወዲያው ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

«ሴትዮዋ ጠፋች! ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው የማየው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይህን ሁሉ ቀለም ከየት አመጣው?»

«ነጩም ግራጫውም የሚሠራው ከእነዚያ ነጠብጣቦች ነው። መነጽሩን ያስቀምጡ፤ ማጉላቱን ለእሱ ይተዉለት።»

የማውሱን ጎማ በጣቷ ገፋ አደረገችው። አሁን የሟቿ አንድ ዓይን ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ ቀረ፤ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ብዙ ሺህ ፊት አድሰዋል፤ የሰው ዓይን እንዲህ ተከፍቶላቸው ግን አያውቅም። «አቤት! አቤት የሰው ልጅ ጥበብ!» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ልጅቱ ስክሪኑ ላይ በማውሱ ስንጥቁን መሙላት ጀመረች።

«ተይ፣ ተይ! ጉንጯን ገደልሽው! ጥላው ከአፍንጫዋ ሥር ይጀምርና ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሥሩት። ከተሳሳቱ ይህችን ቁልፍ ይጫኗት፤ ወደነበረበት ይመለሳል።»

«ይመለሳል?» አዛውንቱ የልጅቱን ዓይን ትኩር ብለው አዩት። በእሳቸው ሙያ የተሳሳተ ብሩሽ ተመልሶ አያውቅም። ማውሱን ያዙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ተሳሳቱ፤ መለሱት። እንደገና ተሳሳቱ፤ እንደገና መለሱት። ግማሽ ሰዓቱ አልፎ እኩለ ቀን ሲሆን ጉንጩ ሞላ፣ ጥላውም ቦታውን ያዘ። መሣሪያው የእጅን ድካም ይሸከማል እንጂ ጥላ የት እንደሚወድቅ አያውቅም፤ ያንን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ዕውቀታቸው ከእጃቸው ጋር አብሮ እንዳላረጀ ያን ቀን ገባቸው።

ልብስ ሰፊዋ መጠበቅ ሰልችቷት ራሷ መጣች። ከበሩ ሳታልፍ ስክሪኑን አየች፤ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ!»

ወደ ስክሪኑ ቀርባ የእናቷን ጉንጭ በጣቷ ዳሰሰች። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ ወደ መምህርቷ ዞረች።

«እጅሽ ይባረክ እህቴ፤ አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

ልጅቱ ወደ አጎቷ ተመለከተች። አዛውንቱ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ከማውሱ አንስተው ለሴትዮዋ ዘረጉላት።

«ይህቺ እጅ ናት፣ ልጄ» አሉ።