የዘርፌ መልክ

ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ ያለች አንዲት ማተሚያ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጋሽ እሸቴ ለነገው የባለቤታቸው የዘርፌ ሙት ዓመት ያሳተሙትን ትልቅ ፎቶ ለባለ ማተሚያዋ ለትርንጎ ሊመልሱ መጥተዋል።

ጋሽ እሸቴ፦ ውሰጂው። እኔ ይችን ሴትዮ አላውቃትም።

ትርንጎ፦ እንዴት አያውቋትም ጋሼ? ልጅዎ ሰናይት ራሷ በቴሌግራም የላከችልኝ ፎቶ ነው እኮ። የእናቷን ፎቶ ትሳሳታለች?

ጋሽ እሸቴ፦ አፍንጫው የዘርፌ ነው። ነጠላውም የእሷው ነው። ቆዳው የማን እንደሆነ ግን አንቺ ንገሪኝ።

ትርንጎ፦ እሱማ... ትንሽ ፈካ አድርጌያት ነው።

ጋሽ እሸቴ፦ ማን አድርጊ አለሽ?

ትርንጎ፦ ማንም። ልማድ ነው። በዚህ በር የገባ ሁሉ «ፈካ አድርጊኝ» ነው የሚለው፤ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ዘፋኙ። ሳይጠይቁኝ መሥራት ለመድኩ። «ጠቆርኩ» ብሎ የመለሰልኝ ብዙ ነው፤ «ቀላሁ» ብሎ የመጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

ጋሽ እሸቴ፦ ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ። በይ አሁን ሳትነካኪ እንዳለች አውጪልኝ።

ትርንጎ፦ ትልቁን ወረቀት ከማበላሽ በትንሹ ላሳይዎት። ይጠብቁኝ... ይኸው። ምንም አልነካሁም።

ጋሽ እሸቴ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አመድ ላይ ተኝታ የተነሣች አስመሰልሻት!

ትርንጎ፦ «አትነካኪ» አሉኝ፣ አልነካሁም።

ጋሽ እሸቴ፦ ስልኬ ላይ እንዲህ አይደለችም። እንኪ፣ ተመልከቻት። እንዲህ አድርጊያት ነው የምልሽ፤ ይሄ ምን ይከብዳል?

ትርንጎ፦ ስልክዎ ከኋላዋ መብራት ይዞላታል ጋሼ። ወረቀት የራሱ መብራት የለውም። ያገኘውን ብርሃን ነው የሚመልሰው፤ የተቀባው ቀለም ደግሞ ግማሹን ይውጥበታል።

ጋሽ እሸቴ፦ ኮምፒውተርሽስ? እሱም ያበራል፤ እሱ ላይ ያለችው ግን ሰማያዊ ነገር ገብቶባታል። ብርድ የመታት ነው የምትመስለው።

ትርንጎ፦ እሱ አርጅቷል፣ የራሱ ጠባይ አለው። እኔ ለምጄዋለሁ።

ጋሽ እሸቴ፦ ትናንት በሰናይት ስልክ ሳያት ደግሞ እንደ እርድ ቢጫ ነበረች። እኔ ያገባሁት አንዲት ሴት ነው። እናንተ በየዕቃችሁ ሌላ ሌላ ሚስት ታመጡልኛላችሁ!

ትርንጎ፦ እኔ ላይ ምን ያስጮኽዎታል? ሥራዬን ሁሉ ትቼ ከእርስዎ ጋር ነው የዋልኩት። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ሰናይት ደውላልኝ ነበር።

ጋሽ እሸቴ፦ ምን ብላ?

ትርንጎ፦ «አባዬ ቢቆጣም አትስሚው፤ እንግዳ ይመጣል፣ እማዬን ፈካ አድርጊያት» ብላ።

ጋሽ እሸቴ፦ አሁን «ማንም አላለኝም» አላልሽኝም?

ትርንጎ፦ ታዲያ በአባትና በልጅ መሃል ልግባ? እሷም ለክፋት አይደለም ጋሼ። እናቷ እንድታምርላት ነው።

ጋሽ እሸቴ፦ አታምርም ነበር?

ትርንጎ፦ ኧረ እኔ አልወጣኝም!

ጋሽ እሸቴ፦ ተቀመጪ እስኪ ልጄ። ዘርፌን ሳገባ የአባቴ እህቶች «ምነው እሸቴ፣ ጥቁር አመጣህብን?» ብለው አጉረመረሙ። ፎቶ አንሺው ሰምቷቸው ኖሮ፣ ያኔ ፎቶ በእጅ ነበር የሚቀባው፣ ብሩሹን አንሥቶ ጉንጯን ሮዝ አደረገላቸው። ዘርፌ የሠርጋችንን ፎቶ አየችና «ደስ ትላለች፤ ማን ናት?» አለችኝ።

ትርንጎ፦ ወይኔ!

ጋሽ እሸቴ፦ እስክትሞት ድረስ ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው አልፈቀደችም። ሌላም ፎቶ ልንሣ ብላት እሺ አትልም። ይችን የልጅ ልጇ ክርስትና ላይ ሰናይት ተደብቃ አነሣቻት።

ትርንጎ፦ እና ቤታችሁ ውስጥ አንድም የእሷ ፎቶ የለም?

ጋሽ እሸቴ፦ የለም። ነገ የሚሰቀለው የመጀመሪያዋ ነው። ከአባቴ እህቶችም አንዷ በሕይወት አለች፤ ከፊት ነው የምትቀመጠው። በእሷ ፊት ሌላ ሴት አልሰቅልም። የማስቸግርሽ ለዚህ ነው።

ትርንጎ፦ ይህን ገና ሲገቡ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ... በሉ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም ይተዉት፤ ሁሉም ዋሾ ነው። ፊቷን ብቻ እቆርጥና ከፈካው እስከ ጠቆረው ድረስ አንድ ወረቀት ላይ ደርድሬ አወጣዋለሁ። እርስዎ ይመርጣሉ። ትልቁም የሚታተመው በዚሁ ቀለም፣ በዚሁ ወረቀት ነው።

ጋሽ እሸቴ፦ እንደ ጨርቅ ናሙና።

ትርንጎ፦ እንደሱ። ... ይኸው ወጣ። ኧረ እዚህ አይዩት! የእኔ መብራትም ያታልላል። ደጃፉ ላይ እንውጣ፣ ፀሐይ ላይ ይዩት።

ጋሽ እሸቴ፦ ይችኛዋ ሰናይት ያዘዘችሽ ናት። ይች ደግሞ... ይች ስልኬ ውስጥ ያለችው ናት።

ትርንጎ፦ አዎ፤ እሷም ብትሆን ትንሽ ፈክታለች። የዛሬ ስልክ ፊት ሲያገኝ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የሚያቀላው።

ጋሽ እሸቴ፦ ስልኩም? እሱንም የአባቴ እህቶች ናቸው እንዴ የሠሩት?

ትርንጎ፦ ሳያስቁኝ ይምረጡ ጋሼ፣ ፀሐይዋ ልታመልጠን ነው።

ጋሽ እሸቴ፦ ይች ናት።

ትርንጎ፦ ከመጨረሻዋ ቀድማ ያለችው? በደንብ ይዩ።

ጋሽ እሸቴ፦ ምን አያለሁ? ጥቁረቷ ውስጥ ቀላ ያለ ነገር አለ፣ አየሽው? በፀሐይ ስትሄድ ነበር የሚወጣባት። ሰኞ ገበያ ውላ ስትመጣ በር ላይ ቆሜ የማያት ይችን ነው።

ትርንጎ፦ ነገ ሰናይት እኔን ነው የምትበላኝ።

ጋሽ እሸቴ፦ ሰናይትን ለእኔ ተያት።

ትርንጎ፦ ይሁን። ግን ኋላ እንዳይወቅሱኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። የምትሰቀልበት ሳሎን መብራቱ እንዴት ነው?

ጋሽ እሸቴ፦ ያው የድሮው አምፖል ነው፣ ቢጫው። ደብዘዝ ያለ ነው።

ትርንጎ፦ ይኸውልዎ! እዚህ እንዲህ ያማረችው እዚያ ሥር ስትሰቀል ትጨልማለች። ቀላ ያለው ነገርም አይታይም፤ አክስትዎም «ጠቆረች» ማለታቸው አይቀርም። ሰምተው ከሚያዝኑ ለአምፖሉ ስል አንድ ደረጃ ብቻ ላፍካት?

ጋሽ እሸቴ፦ አትንኪያት። አምፖሉን እቀይራለሁ።