ጊዜው ያለፈበት ብሎን

ከዓይን ሐኪሙ ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጎረቤቴ አባ ብሎን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የመኪና መለዋወጫ መደብር ስላላቸው ይህን ስም ያወጡላቸው መካኒኮች ናቸው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሐኪሙም ቀዶ ሕክምናው ከዚህ በላይ ከዘገየ እንደሚያስቸግር ነግሯቸዋል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስልካቸው ጮኸ።

«ከቺንጊያው ሥር ነው... ኧረ በስተግራ! ተዪው፣ መጣሁ!» ብለው ተነሡ።

«ተራችን ሊደርስ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ዓይኔ ይጠብቀኛል፣ ደንበኛ ግን አይጠብቀኝም።»

በአንድ ዓይን መንገድ ሲሻገሩ ዝም ብዬ ማየት ስላልሆነልኝ ተከተልኳቸው።

ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ስላሳለፍኩ፣ ከመናገሬ በፊት ማየት ልማዴ ነው። በመደብሩ ውስጥ ዕቃው የተደረደረው በዓይነቱ ሳይሆን በጠያቂው ነበር። የታክሲ ነጂዎች የሚፈልጉት በሩ አጠገብ፣ የከባድ መኪናው ከጓዳ ነው። «የቀጭኑ መካኒክ» የሚባል መደርደሪያም አለ። ሰውየው ሥራ ከቀየረ ቆይቷል፤ መደርደሪያው ግን እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ይህን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ የሚያውቁት አባ ብሎን ብቻ ናቸው። ቅድም የደወለችላቸው ሻጭ ግማሹን ታውቃለች፤ ለቀረው ትደውላለች።

የንግድ ሥራ አመራር የተማረችው የእህታቸው ልጅ ባንኮኒው አጠገብ ቆማ ጠበቀችን።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሳይታዩ ተመለሱ?»

«ሱቁን ማን ይዞልኝ ልታይ?»

«ለዚህ እኮ ነው የኮምፒዩተር ሲስተም እናስገባ የምለው።»

«ያንን ነገር እዚህ ቤት እንዳታነሺብኝ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጎረቤቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ወዳጄ ኮምፒዩተር ሲነካካ አየሁና፣ ‹እሱ ከገዛ እኔ በምን አንሳለሁ?› ብዬ ያንኑ የእሱን ፕሮግራም ገዛሁ። ለካ ለእያንዳንዱ ዕቃ ‹የሚያበቃበትን ቀን ሙላ› ይላል! ብሎን መቼ ነው የሚያበቃው? ባዶ ብንተወው አልቀበል አለ። ይቺ ሻጭ ደግሞ ሲጨንቃት የልደት ቀኗን ሞላችበት።»

«ሌላ ምን ላድርግ ታዲያ!» አለች ሻጯ ከመደርደሪያው ኋላ።

«ልደቷ የደረሰ ዕለት ሱቁ በሙሉ ቀይ ሆነ። ብሎኑም፣ ኩሽኔታውም፣ ‹ጊዜው አልፎበታል፣ ይወገድ› ተባለ! ደንበኛ ፊቴ ቆሞ አንዲት ካንዴላ እንኳ አላሸጥ አለኝ። ነቅዬ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።»

የእህታቸው ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ጫማ ሳይለኩ በሰው እግር ላይ አይተው ቢገዙና ቢያቆስልዎ፣ ጥፋቱ የጫማው ነው? ያ ፕሮግራም ለመድኃኒት የተሠራ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ኪኒን ሰው ይጎዳል። ለእኛ ብሎን ግን አልተሠራም» አለቻቸው።

«እሺ የኔ አዋቂ፣ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትመርጪ ነበር?»

«መጀመሪያ ገበያ አልወጣም፤ እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ። ሰሞኑን የሰማሁት ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፦ ‹አለ ወይ?› እና ‹የት ነው?›። የሁለተኛው መልስ ሁልጊዜ ‹ለጋሼ ደውሉ› ነው። የምንገዛው ይህን የሚመልስልንን ነው።»

«የሚሸጡልሽ ሰዎች እኮ ምላሳቸው ቅቤ ነው፤ ሁሉንም ይመልሳል ነው የሚሉሽ።»

«እነሱ አይናገሩም፣ እሷ ትሞክራለች» አለች ወደ ሻጯ እየጠቆመች። «በራሳችን ዕቃ፣ በእሷ እጅ። መካኒኮቹ እንደሚሉት ‹የአህያ ጆሮ› ብላ ስትጽፍ የጭስ ማውጫ ማንጠልጠያውን ጎማ ካላወጣላት አንገዛም።»

ይህ አነጋገር ደስ አለኝ። ብዙ ሰው መሣሪያውን አስቀድሞ ይገዛና ሥራውን ለመሣሪያው ሲል ያጣምማል፤ ልጅቷ ግን ከሥራው ጀመረች። ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ዝርዝሩን በየጊዜው በወረቀት እናትማለን።»

«ሲስተሙን የሸጡልን ሰዎች ድርጅታቸውን ዘግተው ቢጠፉስ?»

«መረጃው የእኛ ስለሆነ በፈለግን ጊዜ ይዘነው እንወጣለን። ይህ በውሉ ላይ ይጻፋል። የማስተማሩንና የጥገናውንም ዋጋ አስቀድመን እንጠይቃለን።»

«ሱቄን ዘግቼ ዕቃ ስቆጥር ልክረም?»

«አንዘጋም፤ በአንድ መደርደሪያ እንጀምራለን። የድሮው አሠራር ጎን ለጎን ይቆያል። ከተሳካ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን፤ ካልተሳካም የምንከስረው ትንሽ ነው።»

አባ ብሎን ከባንኮኒው ላይ አንዲት የብሎን ዳዶ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ያሹ ጀመር። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ሁሉን እሱ ካወቀው፣ እኔ ምን ልሠራ ነው? በር ላይ ተቀምጬ ዝንብ እሽ ልበል?»

ለካ ሌላው ክርክር ሁሉ የዚህ ጥያቄ አጥር ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ የሚያውቀው እርስዎ የነገሩትን ብቻ ነው» አለች ልጅቷ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የትኛው ኩሽኔታ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን፣ መካኒኩ በምን ስም እንደሚጠራው፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይነግረዋል? ዛሬ ግን እውቀትዎ እርስዎንም እዚህ አስሮ አስቀምጦዎታል። ዓይንዎ ከጠፋ ምን እናደርጋለን?»

እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ፦ «በላቦራቶሪ ጠርሙስ ላይ ስም የምንለጥፈው ባለሙያው ስለማያውቀው አይደለም። እሱ በሌለበት ሌላው እንዳይሳሳት ነው እንጂ።»

ዳዶዋን በቦታዋ መለሱ። «ይሁን። ግን በቀጭኑ መካኒክ መደርደሪያ ነው የምንጀምረው። እዚያ ውስጥ ዕቃ ካገኘ፣ እውነትም ወንድ ነው!»

ለሙከራ ከመጡት ፕሮግራሞች መካከል ሥዕሉ የሚያብረቀርቀው «የአህያ ጆሮ» ሲባል ደንግጦ ቀረ። ሻጯ የመረጠችው መልኩ ተራ የሆነውን ነበር። በመጀመሪያ ሰሞን ጥድፊያ ሲበዛ ሠራተኞቹ የሸጡትን ሳይመዘግቡ ያልፉ ነበር። ልጅቷ አልተቆጣቻቸውም፤ ምክንያቱን አየች። ኮምፒዩተሩ ያለው ጓዳ ነበር። ወደ ባንኮኒው ሲወጣ ሳይመዘግቡ ማለፉም ቀረ። አባ ብሎን ደግሞ በየዕለቱ ወንበር ስበው ተቀምጠው የዕቃውን ሁሉ ቅጽል ስም ሲናገሩ፣ ሻጯም እየሳቀች ስትጽፍ፣ መደርደሪያዎቹ አንድ በአንድ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገቡ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ታሽጎ፣ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር።

«አይጮህም» አሉኝ። «ሱቁ ተቃጥሎ ይሆን እንዴ?» አላስችል ሲላቸው ራሳቸው ደወሉና ድምፃቸውን አጎርንነው፣ «ሄሎ፣ የአህያ ጆሮ አላችሁ?» አሉ።

 ከዚያ የሻጯ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ፦ «አለ፣ ከቀጭኑ መካኒክ መደርደሪያ፣ ታችኛው ሳጥን። ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ሆነ?»

አባ ብሎን ስልኩን ዘግተው ረጅም ሳቅ ሳቁ።

ዛሬ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ያርፋሉ። ሻጯም ደንበኛን በራሷ ታስተናግዳለች፤ ያለቀ ዕቃም ደንበኛ ከመመለሱ በፊት ይታወቃል። ባለፈው ባለ መድኃኒት ቤቱ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈና፣ «ይኸ ያንተ ነገር ደስ ይላል፤ የእኔን ጥዬ ይህንኑ ልግዛ መሰለኝ» አላቸው።

«እንዳታደርገው!» አሉ አባ ብሎን። «ይኼ የሚያበቃበት ቀን አይጠይቅም፤ የተበላሸ መድኃኒት ያሸጥሃል። በል አሁን ሂድና ሱቅህ ውስጥ ቁም። ሰዎችህ ምን እንደሚቸግራቸው ስማ። ከዚያ ና፣ እንማከር።»