የዶኛ ቲቡርሲያ አይብ እና በእግር የሚከፈተው ውሃ

የዓርብ ገበያ ሲበተን፣ ባህር ዛፎቹ ሥር ባለው መታጠፊያ ላይ ዶኛ ቲቡርሲያ ቻምቢን አገኘኋቸው። ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ባለ መስመር ጨርቅ ጠዋት ሲወርዱ እንደነበረው ሙሉ ነው። በሐይቁ ዳር መንደራችን በቃላፓምፓ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር የሳቸው ጨርቅ ከገበያ ሞልቶ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። አይባቸው ገና ረፋዱ ላይ ነበር የሚያልቀው። ሸክማቸውን ልቀበል እጄን ብዘረጋ ገፋ አደረጉኝ።

«ተወው፣ መምህር። የሰው ሐሜት የተሸከመ ትከሻ አይብ ይከብደዋል?» አሉ።

ሐሜቱን ሐይቁ ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ከካርኒቫል በዓል በኋላ የመስኖውን ቦይ ልንጠርግ የወጣን ዕለት እንደ ወጋችን አፕታፒ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ድንች፣ ባቄላ፣ ዓሣ፣ አይብ አምጥቶ መሬት ላይ በተነጠፈው ረጅም ጨርቅ ላይ ያፈሳል፤ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ በእጁ ይበላል። በሁለተኛው ቀን አስራ አንድ ሰው በተቅማጥና በትኩሳት ወደቀ። የኤልቪራ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ማይቴ፣ ከተማ ሆስፒታል ገብታ አስራ ሁለት ቀን ተኛች። ዶኛ ቲቡርሲያ የክርስትና እናቷ ናቸው። የታመሙት ሁሉ አይብ በልተው ነበርና ጣት ወደ አንድ ቤት ተቀሰረ። በቀጣዩ አፕታፒ የሳቸው አይብ ሳይነካ ዋለ። እኛ ዘንድ ያመጣኸው ምግብ ጨርቁ ላይ ከቀረ፣ ሰው አፍ አውጥቶ ባይናገርህም ተናግሮሃል።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አሉ ዶኛ ቲቡርሲያ እየሄድን። «የቦዩ ውሃ ይሆናል፣ ዓሣው ይሆናል። አይቤ ላይ ለምን ይላከካል? እናቴም አያቴም በዚህ አይብ ነው የኖሩት። የመኸሩ መዝጊያ አፕታፒ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ያን ዕለት አይቤ ከቀረ ሦስቱን ላሞች ሸጬ ኤል አልቶ ከተማ ልጄ ጋ እገባለሁ። ምግቤን የሚጸየፍ መንደር ውስጥ አልሞትም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ስለዚህ አመንኳቸው። ባላቸው በሞተ በሳምንቱ በሬ ጠምደው ማሳ የወረዱ ሴት ናቸው፤ ያሉትን ያደርጋሉ። እኔ ግን ስለ እጅ መታጠብ መናገሩን ፈርቼ ስለ ውርጩ አወራሁ።

ዊልማ ሊማቺ የደረሰችብን ያኔ ነው። የመንደራችን ልጅ ናት፤ ነርስነት ተምራ ጤና ኬላችንን ከያዘች ዓመት አልሞላትም። በአንድ እጇ ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ በሌላው ገመድ ይዛ ትከሻዋ ላይ ሁለት ባላ እንጨት አጋድማለች።

«ደህና ዋሉ፣ እማማ። ደህና ዋሉ፣ መምህር።»

ዶኛ ቲቡርሲያ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «ልጄ፣ ነርስነት የሚባለው ጀሪካን መጎተት ኖሯል?»

«አዎ፣ እማማ። ለሱ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች ዊልማ ሳትስቅ። «ይሄን የምወስደው እርስዎ ቤት ነው። የእጅ መታጠቢያ ልተክልልዎ።»

«የኔ ቤት ምን ጎደለው? በር ላይ ውሃ የሞላ ሳፋ አለ። ከመብላታችን በፊት ሁላችንም እንነክራለን።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሰባት።»

«ታዲያ ሰባተኛው ሰው የሚታጠበው በውሃ ነው ወይስ በስድስት ሰው እድፍ?»

«ሰባተኛዋ እኔ ነኝ» አሉ ዶኛ ቲቡርሲያ። «እንደምታዪኝ አልሞትኩም። ደግሞስ የድንች አፈርን እድፍ ያለው ማነው? ከሱ ነው የምንበላው። ፓቻማማ እናት ምድራችን ናት፤ እናት ልጇን በአፈሯ አትገድልም።»

«እኔ መች አፈር አልኩ፣ እማማ? ለመጸዳዳት ከግንቡ ኋላ ደርሰን ስንመለስ እጃችን ላይ ስለሚቀረው ነው የማወራው። ለፓቻማማ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚሰጧትስ በዚያው እጅ አይደለም?»

እኔ ብሆን እዚህ ላይ ስለ ጀርም ንግግር እጀምር ነበር፤ ሰኞ ሰኞ በጠመኔ ክብ ክብ እየሣልኩ የማስተምረው እሱን ነው፣ ልጆቹም ክቡን ደብተራቸው ላይ አሳምረው ይገለብጡታል። ዊልማ ግን ወደ አይቡ ሄደች።

«እማማ፣ አንድ ባልዲ ወተት ለማርጋት ማርጊያው ምን ያህል ይበቃል?»

ስለ ሙያቸው ሲጠየቁ ወገባቸው ቀና አለ። «የግልገል ጨጓራ የተዘፈዘፈበት ውሃ፣ አንድ ማንኪያ። ሞቃት ቀን ከሆነ ከዚያም ያነሰ።»

«ወተቱ ውስጥ ሲገባ ይታያል?»

«ምኑ ይታያል? ውሃ አይደል እንዴ።»

«የማይታይ አንድ ማንኪያ ታዲያ ባልዲ ሙሉ ወተት እንዴት ይለውጣል?»

«ይሠራላ። ዓይን አየው አላየው እሱ ይሠራል። ጊዜ ብቻ ስጪው።»

«እጅ ላይ የሚቀረውም እንደዚሁ ነው» አለች ዊልማ። «አይታይም፣ ግን ይሠራል። እሱም ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለት ቀን።»

ከዚያ ዊልማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቦዩን በጠረግንበት ሰሞን ቤትዎ ሆዱን የታመመ ሰው ነበር?» አለቻቸው።

ዶኛ ቲቡርሲያ ሸክማቸውን አውርደው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ትንሹ የልጅ ልጄ» አሉ። «ጠዋት የሽንት ጨርቁን ቀየርኩለት። እጄን ሳፋው ውስጥ ነከር አደረግሁ። ከዚያ አይቡን ጨመቅሁ።» ወደ ሐይቁ ዞረው፣ «ማይቴን ሆስፒታል ያስተኛኋት እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁ።

በዊልማ ተናደድኩ። አንዲት አሮጊትን መንገድ ዳር ማስለቀስ ጤና ጥበቃ ነው እንዴ ብዬ ልናገራት ነበር። እሷ ግን አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አልዋሽዎትም፤ አላውቅም፣ እማማ። የእርስዎ እጅ ሊሆን ይችላል። ጨርቁ ዙሪያ የነበረ የሌላ ሰው እጅም ሊሆን ይችላል፣ የኔም እጅ እዚያው ነበር። የማን እንደሆነ አሁን ማንም አይደርስበትም። እንዳይደገም የሚያደርገውን ግን አውቃለሁ፤ ይዤው መጥቻለሁ።»

ዶኛ ቲቡርሲያ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ። «ጀሪካኑን ለመምህር ስጪው። ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።»

ጓሯቸው ደርሰን ባላዎቹን ተከልን፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ዶኛ ቲቡርሲያ ናቸው። ዊልማ ምስማር እሳት ላይ አግላ ከጀሪካኑ ትከሻ በታች አንዲት ቀዳዳ በሳች። አግዳሚ እንጨት በእጀታው አሳልፋ ባላዎቹ ላይ አንጠለጠለችው። ከአንገቱ ገመድ አውርዳ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር አሰረች። እንጨቱን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃው ቀጥኖ ይወርዳል፤ እግር ሲነሣ ይቆማል። ሳሙናው በአሮጌ ካልሲ ውስጥ አጠገቡ ተሰቀለ።

«በእግር ለምን?» አሉ ዶኛ ቲቡርሲያ። «እጅ የለኝም?»

«ቧንቧ ቢሆን በቆሸሸው እጅዎ ከፍተው በታጠበው ይዘጉታል፤ ያራገፉትን መልሰው ይይዙታል። ይሄን ግን ማንም በእጁ አይነካውም።»

«እሺ፣ ውሃውስ? ምንጩ ግማሽ ሰዓት ያስሄዳል፣ የምቀዳውም እኔ ነኝ። ሳፋዬ ሰባት ሰው ያጥባል። ያንቺን መሬት ይጠጣዋል።»

«ሳፋው የሚይዘውን ያህል ይሙሉበትና እንየው።»

ንጹሕ ውሃ በሳፋ ለክተው ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጡ። ቤተሰቡ ተጠርቶ በሳሙና ታጠበ። ጀሪካኑን በእጃቸው ከፍ አድርገው መዘኑና አላመኑም፤ ሁሉንም እንደገና አሳጠቡ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ ምራታቸው «እጃችን ሊላጥ ነው» ብላ አጉረመረመች። ከሦስተኛው ዙር በኋላ እንኳ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አሉ ዶኛ ቲቡርሲያ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ ትምህርት ቤት ያለው ነጩ መታጠቢያስ?»

«ፓምፑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው» አልኩ። «መስመሩ ሲዘረጋ...»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው ልጆቹ ክብ የሚሥሉት?»

አንድ ድርጅት ያስገነባው ያ የሚያብለጨልጭ መታጠቢያ ውስጥ የዘበኛው ዶሮ እንቁላል ትጥላለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዶኛ ቲቡርሲያ መማሪያ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ጀሪካኑ እጃቸው ላይ ነው፤ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ያደረበት ውሃ በውርጭ በረዶ ሆኖ ቀዶታል። ዊልማ ከጤና ኬላው ተጠርታ መጥታ ስታየው ፊቷ ቀላ።

«ይሄን አላሰብኩም» አለች።

«ምናልባት ይሄ ነገር ለቆላ አገር ይሆናል» አልኩ እኔ። «የኛ ብርድ አይመቸውም። መብራቱ እስኪመጣ...»

ዶኛ ቲቡርሲያ አላስጨረሱኝም። «ድንቹን ውርጭ ላይ ዘርግቶ አድርቆ ቹንዮ የሚያደርግ ሕዝብ ውርጭን ይፈራል? ውርጭ የሚሠራው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። የወተት ባልዲዬ ባዶውን ያድራል፣ ይሄም ባዶውን ይደር። ጠዋት ይሞላል። ደግሞ ቢጫ መሆን የለበትም። ፀሐይ ላይ የቆመች ጥቁር ላም ዳስሳችሁ አታውቁም? ቆዳዋ ይፈጃል፤ ነጯ ግን ምንም አትል። ልጄ፣ ሌላ ጀሪካን አምጪ። መቀቢያ ጥላሸትና ሞራ እኔ ጋ አለ።»

ተምሬያለሁ ባዩ እኔ ለመተው ሰበብ ስፈልግ፣ ተጠራጣሪዋ መፍትሔ ይዘው መጡ። አፈርኩ።

የአፕታፒው ቀን ደረሰ። ድንቹ ተለቅሞ አልቋል፣ ረጅሙ ጨርቅ ማሳው ዳር ፀሐይ ላይ ተነጥፏል። ወደ ጨርቁ መግቢያ መንገድ ላይ ግን ሁለት ባላ ተተክሎ ጥቁር ጀሪካን ተንጠልጥሏል፤ ዶኛ ቲቡርሲያ ባርኔጣቸውን ደፍተው አጠገቡ ቆመዋል። መጀመሪያ የደረሰው የማኅበራችን አለቃ ዶን ሴቬሮ ነው፤ የሹመት ጅራፉ ደረቱ ላይ ነው።

«ቲቡርሲያ፣ መንገድ ዘጋሽ።»

«በር ሠራሁ እንጂ አልዘጋሁም። እግርህን እዚህ እንጨት ላይ አድርግ።»

«እኔ የመጣሁት ከማሳ ነው። የማሳ አፈር ነውር የለውም።»

«ከማሳ በፊት ከግንቡ ኋላ ስትወጣ አይቼሃለሁ፣ ሴቬሮ። ልንገራቸው?»

ከኋላው የደረሰው ሰው ሳቀ። ዶን ሴቬሮ ግን አልተንቀሳቀሰም። «በዚህ ብርድ ሽማግሌ ውሃ ታስነኪያለሽ? አባቶቻችን ያላደረጉትን?»

«አባቶቻችን ልጆቻቸውን ሲቀብሩ ምክንያቱን አያውቁም ነበር። እኔ አውቄያለሁ፣ ዛሬ አንተም ታውቃለህ። ፓቻማማን ቀድመህ የምታጎርሰው አንተ ነህ፤ በምን ዓይነት እጅ እንደምታጎርሳት ከኋላህ የቆመው ሰው ሁሉ እያየህ ነው። አለቃ ከሆንክ ቅደም፣ ካልሆንክ ጅራፉን ስጠኝና እኔ ልምራ።»

ዶን ሴቬሮ እግሩን አነሣና እንጨቱን ረገጠ። ውሃው እጁ ላይ ሲወርድ ቅንድቡ ተነሣ።

«ሞቃት ነው» አለ።

«ፀሐይ ናት ያሞቀችው፣ በነጻ። ሳሙናውን ያዝ፤ ጣትህ መሃል፣ ጥፍርህ ሥር። ፓምፕ የለው፣ መብራት የለው። ጀሪካኑ ዘይቱን ጨርሰህ የጣልከው ነው፣ እንጨቱ ከጓሮህ። አንድ ጀሪካን ይሄን ሰው ሁሉ አጥቦ ይተርፈዋል፤ የሳፋችንን ያህል እንኳ አይጠጣም። ጠዋት ሞልተህ ማታ ትደፋዋለህ። አለቀ። ይሄን ያላደረገ ቤት ልጁ ሲታመምበት ወደ ሰው አይብ እንዳይጠቁም።»

ሰልፉ ከኋላው ተሠራ። እኔ የሰኞ አስተማሪው ሰልፉ ቢረዝምብኝ በግራ በኩል ሾልኬ ጨርቁ ጋ ልደርስ ስል፣ «መምህር!» የሚል የዶኛ ቲቡርሲያ ድምፅ አገኘኝ። ተማሪዎቼ ሁሉ እያዩኝ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ።

ቁራሹ ለፓቻማማ ተሰጠና መብላት ተጀመረ። ዶኛ ቲቡርሲያ ትልቁን አይብ ድንቹ መሃል አስቀምጠውት ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። እጆች ወደ ድንቹ ሄዱ፣ ወደ ዓሣው ሄዱ፣ ባቄላውን አፈሱ። አይቡ ዙሪያው ሲጎድል እሱ ብቻውን ቀረ። ዶኛ ቲቡርሲያ አላዩትም፤ ጉልበታቸው ላይ ያለውን እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ዊልማ ልትነሣ ስትል ክንዷን ያዝኳት። የጤና ኬላ ሰው ቢበላላቸው ለምስክርነት ይመስላል።

ኤልቪራ ተነሣች። ማይቴን ይዛ ወደ ጀሪካኑ ተመለሰች። ልጅቷ ታጥባ ነበር፤ ግን እንጨቱን መርገጥ ወዳዋለች፣ እንደገና ረገጠችው። እናትና ልጅ ታጥበው እጃቸውን እያራገፉ መጡ። ኤልቪራ ጨርቁ ጋ ተንበርክካ ከአይቡ ቆረሰች፣ መጀመሪያ ራሷ በላች፣ የቀረውን ለማይቴ ሰጠቻት። ሁሉም ያይ ነበር። ልጅቷ አፏን ሞልታ ወደ ክርስትና እናቷ ሮጠች።

«ቀስ ብለሽ አኝኪ» አሉ ዶኛ ቲቡርሲያ።

ከዚያ በኋላ እጅ ሁሉ ወደ አይቡ ዞሮ ለእኔ እንኳ አልተረፈኝም።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። ዛሬ በቃላፓምፓ በር ላይ ጥቁር ጀሪካን የሌለው ቤት የለም፤ በትምህርት ቤቱም ስድስት ተክለናል። በሆድ ሕመም ከክፍል የሚቀር ልጅ ጥቂት ነው፤ እንደ ማይቴ ሆስፒታል የተኛ አንድም የለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ አሁንም አልመጣም፣ ነጩ መታጠቢያም ለዶሮዋ ቀርቷል። ዶኛ ቲቡርሲያ ኤል አልቶ የሚሄዱት ልጃቸውን ጠይቀው ለመመለስ ብቻ ነው። ላሞቻቸው አራት ሆነዋል።