ጋሽ ነገና ከመስታወቱ ቤት የመጣችው ልጅ

ሰው ከበዓል ማግስት ወደ ሥራው ሲመለስ ማረፉና መብላቱ ፊቱ ላይ ይታወቃል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ግን በዚያ ሰኞ ጠዋት የኮታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው አንስተው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክከው፣ ዶሮ እንደ ሰረቀ ሰው ግራና ቀኝ እያዩ ነበር የሚሄዱት። የሰረቁት ነገር የለም። ከበዓሉ በፊት የመጣላቸውን ጨርቅ ሁሉ «ነገ ይደርሳል» እያሉ ተቀብለው፣ ነገው ሳይደርስ በዓሉ ስለ ደረሰባቸው ነው። ሌላው ሰው ዘመድ ወዳጁን ሲጠይቅ እሳቸው በራቸውን ቆልፈው፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሻቸውን ውጠው ከረሙ። ታላቅ እህታቸው ቤት እንኳ አልሄዱም፤ የእህታቸው ካፖርት እጅጌ ሳይገባለት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧልና በምን ፊታቸው ይሂዱ! ባለቤታቸው «በዓልን እንደ ሽፍታ ተደብቄ አሳለፍኩት» ብለው ካኮረፏቸው ወዲህ እቤት ውስጥ የሚናገረው ድስቱ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ «ጋሽ ነገ» ነው ስማቸው። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እንዳላወቁ ይሆናሉ።

ሱቃቸው አጠገብ ሲደርሱ ዓይናቸው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ባለ መስታወት በር ስፌት ቤት ሄደ። የዚያ ቤት ባለቤት መርፌ መያዝ የተማረው ከእሳቸው ነው፤ ኋላ ግን ከደንበኞቻቸው እኩሌታውን አስከትሎ ማዶ ተሻገረ። አሁን በሩ ላይ ቆሞ አንዲት ወጣት ሴት እየሳቀ ይሸኛል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገርም ይሰጣታል። ልጅቱ እጅ ነሥታ፣ ጥቅሉን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ መንገዱን ተሻግራ በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣች።

«ይቅርታ አባቴ፣ የጋሼ ልብስ ስፌት የትኛው ነው?»

«ምን ፈለግሽበት?»

«ዛሬ ሥራ ልጀምር ነው። የቀጠሩኝ ባለቤታቸው ናቸው።»

ጋሼ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ ጥቅሉን አዩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ተመንጥረዋል።

«ተከተይኝ» አሉ።

ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪናዎቹ፣ በሌላ በኩል የባለቤታቸው የካውያ ጠረጴዛ፣ ከኋላ አንድ ቡናማ መጋረጃ። መጋረጃው ልብስ መለኪያ ተብሎ የተሰቀለ ነው፤ ዋና አገልግሎቱ ግን ጋሼን መደበቅ ነው። የተቆጣ ደንበኛ ብቅ ሲል እሳቸው ከኋላው ይገባሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ካውያቸውን ሳያነሡ «አሁን ወጣ አለ» ይላሉ።

ጋሼ ባለቤታቸውን ወደ ጥግ ሳቡና በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ይህቺን ልጅ ከየት አመጣሻት?»

«የስፌት ትምህርት ቤት የጨረሰች ልጅ ናት። እጇን አይቼዋለሁ። አንተ ብቻህን ይሄን ክምር እስከሚቀጥለው በዓልም አትጨርሰው።»

«ከየት እንደመጣች ታውቂያለሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«ከእናቷ ሆድ» አሉ ባለቤታቸው፤ ወደ ካውያቸውም ተመለሱ።

ጋሼ ልጅቱን ጀርባዋ ለመንገዱ እንዲሆን አድርገው አስቀመጧት፤ ለማዶው ሰው በዓይኗ ምልክት እንዳትሰጥ መሆኑ ነው። ጥሩውን ጠመኔ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ስትቆርጥ ያዩዋታል፣ ስታስነጥስ ያዩዋታል። ጥርጣሬ የሙሉ ቀን ሥራ ነውና የዚያን ዕለት ጋሼ አንድ እጅጌ ገልብጠው ሰፍተው መልሰው ሲፈቱ ዋሉ። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ ዋለች፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠራቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሼ ሱሪው ካልደረሰለት አንድ ደንበኛ ሸሽተው ከመጋረጃው ኋላ ሳሉ፣ አንዲት ሴት ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ ገባች።

«አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ የፊታችን ሰኞ እጀምራለሁ» አለች። «ኮትና ጉርድ ቀሚስ ፈልጌ ነበር። ይደርስልኛል?»

እዚህ ላይ የጋሼን አንድ ልማድ መናገር ያስፈልጋል። ጨርቅ እጃቸው እንደ ገባ፣ ገና ሳይለኩት፣ ጠርዙን በመቀስ ቀደድ ያደርጉታል። «ጀመርኩልዎት» ይላሉ። የተነካ ጨርቅ ይዞ ሌላ ሰፊ ጋ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነውና ደንበኛው በዚያች ቅድ ታሰረ ማለት ነው። ጋሼ ግራኝ ስለሆኑ ቅዷ ጫፏ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋለች። አሁንም ከመጋረጃው ኋላ ሆነው በልባቸው «ነገ በያት! መቀሱን አንሺ!» ይላሉ።

«እህቴ፣ ሁለቱም ለሰኞ አይደርሱም» አለች ልጅቱ። «ከበዓሉ የተረፈ ሥራ አለብን። ጉርዱ ይደርሳል፤ ኮቱ ግን እስከ ሌላው ሐሙስ ይቆያል። ካልሆነልዎት ጨርቅዎን ሳልነካው ይውሰዱት።»

አስተማሪዋ ጥቂት አሰበችና አመስግና፣ ጨርቋን አቅፋ ወጣች። ጋሼ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያዩ መንገዱን ተሻግራ የመስታወቱን በር ገፋች። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ሊገነጠል ትንሽ ቀረው።

«አንቺ ልጅ! ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም ጋሼ።»

«ደንበኛዬን በእጄ ላይ ለማዶው ሰው ሸኘሽለት እኮ! ያ ብብትሽ ሥር የነበረው ጥቅል ምንድን ነው?»

ልጅቱ ጥቅሉን ከጠረጴዛ ሥር አውጥታ ፈታችው። እጀታው የተላጠ መቀስና አንድ የጣት ቆብ ነበሩበት።

«አባቴ ያወረሰኝ መቀስ ነው። በበዓሉ ሰሞን እዚያ ቤት ሠርቻለሁ፤ ረስቼው ወጥቼ ስለነበር ትናንት ወሰድኩት።»

«እና ለምን ለቀቅሽ?»

«እሱን አልነግርዎትም። የቀድሞ አሠሪዬን ዛሬ ለእርስዎ ባማ፣ ነገ እርስዎን ለሌላ እንደማማ አያጡትም።»

መልሱ ጨዋ ነበር። ጋሼ ግን ጨዋነቱን አልሰሙም፤ የሰሙት «አልነግርዎትም» የሚለውን ነው።

«ስሚ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ዝቅታው ከጩኸቱ የባሰ ነበር። «ትምህርት ቤት ያላስተማሩሽን ልንገርሽ። ለደንበኛ እውነቱን ከነገርሽው ይሄዳል። ነገ ካልሽው ይቆያል። እኔ ይሄን ሱቅ ያቆምኩት በዚህ ነው።»

«የሚቆየው ጨርቁ ነው ጋሼ። ሰውየው ልቡ ከሄደ ቆይቷል።»

«ጨርቁ ካለ ሰውየው ወዴት ይሄዳል?»

«ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥርም ሥራ ያስቆምዎታል። ይቆጡኝ እንጂ አንድ ነገር ልናገር። ትናንት ክምሩን ሳይ ያልተጀመረ ልብስ አጣሁ፤ ያለቀ ልብስም አጣሁ። አንዱ መጥቶ ሲጮህ እሱን ለማባበል የእሱን ያነሣሉ። ሁለተኛው ሲመጣ ያንን ጥለው የሁለተኛውን ይይዛሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እርስዎ ደግሞ ጫካውን ሁሉ በአንዴ ሊወጡ ነው።»

ከካውያው ጠረጴዛ በኩል ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ጋሼ ዞረው ሲያዩ ባለቤታቸው በጣም ጠንክረው እየተኮሱ ነው።

«ታዲያ እንዴት ይሁን ነው የምትይው፣ የኔ ሊቅ?»

«የጀመርነውን ሳንጨርስ ሌላ አናነሣም። የሚመጣውንም ሰው ቁርጡን እንነግረዋለን። ሊቆጣ ይችላል፤ ግን አንዴ ነው የሚቆጣው።»

«ጥሎን ቢሄድስ?»

«የሚሄድ ይሄዳል።»

«አየሽ! አየሽ!» አሉ ጋሼ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፤ የተደበቀ ሌባ ያወጡ መስሏቸው ነበር። «የተላከችበትን በአፏ ተናገረች!»

«ጋሼ፣ ድፍረት ባይሆንብኝ፣ በዓሉን እንዴት አሳለፉት?»

ልጅቱ ይህን ያለችው በቅንነት ነው፤ ስለ በሩና ስለ ትንፋሹ ምንም አታውቅም። ነገር ግን ካውያው ቆመ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ባላቸውን አዩ፤ ጋሼም ዓይናቸውን ወደ መጋረጃው አሸሹ። አፈሩ። ሰው በስድሳ ዓመቱ በገዛ ቤቱ ተደብቆ እንዳሳለፈ ለማን ይነግራል?

ፍርዱን የሰጡት ባለቤታቸው ናቸው። «እስከ ቅዳሜ ልጅቱ እንዳለችው ይሁን። ሥራ ከተበላሸ ቅዳሜ ትሂድ። ካልተበላሸ ግን አንተ አፍህን ትይዛለህ።»

«ቅዳሜ ትሄዳለች» አሉ ጋሼ።

በቀጣዮቹ ቀናት ክምሩ ከላይ ወደ ታች ይሠራ ጀመር። የተያዘው ሳያልቅ ሌላ አይነሣም። ደንበኛ ሲመጣ ልጅቱ ቁርጥ ያለውን ቀን ትነግረዋለች። አንዱ ጠረጴዛ መትቶ ሄደ፤ አንዷ «ከዚህ ቤት እውነት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ጥርጣሬዋን ሳትደብቅ ወጣች። ጋሼ የሚሄደውን ሁሉ በዓይናቸው እስከ ማዶ ይሸኛሉ። ይሁን እንጂ ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ገረማቸው። ከጠዋት እስከ ምሳ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሰፍተዋል፤ የእህታቸው ካፖርት እጅጌም ገብቷል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ቢጠየቁ የአየሩ ጠባይ ነው ሊሉ ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አስተማሪዋ ተመልሳ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሰማያዊውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ማዶ ሰጥቼ ነበር» አለች። «ረቡዕ ብሄድ ነገ አሉኝ፣ ሐሙስ ብሄድ ነገ አሉኝ። ዛሬ ጨርቄን ስጡኝ ብል ተጀምሯል፣ አይመለስም አሉ። ጮኼ ነው ያስመለስኩት። ተስፋ የጣልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሰኞ ተማሪዎቼ ፊት ምን ለብሼ ልቁም?»

ጋሼ ጨርቁን ዘረጉት። ጠርዙ ላይ አንዲት ቅድ አለች፤ ገባ ብላ ጫፏ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋለች። የማዶው ሰው ግራኝ አይደለም። ያቺን እጥፋት ከእሳቸው እጅ አይቶ፣ የሙያው ወግ መስላው፣ እንዳለች ተምሯት ነው። ጋሼ ቅዷን በጣታቸው ዳሰሷት። ይህን ያህል ዘመን ደንበኞቼን ወሰደብኝ ሲሉት የኖሩት ሰው ለካ ይህን የ«ነገ» ልማዳቸውንም ወስዷል።

ቀና ብለው ልጅቱን አዩ። «ከማዶ የለቀቅሽው በዚህ ነው?»

ልጅቱ አሁን ግን መለሰች። «ልስፋ ብዬ ነበር የገባሁት። በር ላይ ቆሜ ነገ ስል ነው የዋልኩት ጋሼ።»

አስተማሪዋ ሁለቱንም በጥርጣሬ ታያለች። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያቺ የለመደች ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዋጧት።

«ልጄ፣ ቅዷ ስፌት ውስጥ ትገባለች፤ አትታይም። ጉርዱን እሑድ ቀትር ላይ ትወስጂያለሽ። ኮቱ ለሰኞ አይደርስም፤ ሌላው ሐሙስ ነው። እስከዚያ ከላይ ያለሽን ሹራብ ልበሺ።»

«እሑድ ቀትር? እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔን ባታምኚ ልክ ነሽ» አሉ ጋሼ። «እሷን እመኛት።»

እሑድ ቀትር ላይ አስተማሪዋ ለጠብ ተዘጋጅታ፣ ምስክር እንድትሆናት ጎረቤቷን ጭምር አስከትላ መጣች። ጉርዱ ተተኩሶ ተሰቅሎ ነበር። ተጣልታ ለመሄድ የመጣች ሴት አመስግና መሄዷ፣ ምስክር ሆና የመጣችውም ጎረቤት የራሷን ልብስ ልኬት ሰጥታ መውጣቷ፣ በሰፈሩ እስከ ዛሬ ይወራል።

ቅዳሜ አልፎ ልጅቱ አለመሄዷን አንባቢ ተረድቶታል። ከዚህ ምን ተገኘ ቢባል፣ በመጀመሪያ ክምሩ አለቀ፤ ያለቀ ልብስ ደግሞ ባለቤቱን ራሱ ይጠራል። በጠረጴዛ መቺው ፈንታ ሌሎች መጡ፤ ቁርጥ ቀን የተነገረው ሰው ጉዳዩን አስተካክሎ ይሄዳልና። ባለቤታቸው መዋሸት ቀርቶላቸው በካውያው ላይ ማንጎራጎር ጀመሩ። መጋረጃው ወርዶ ታጠበና ያለቁ ልብሶች አቧራ እንዳይነካቸው መሸፈኛ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ሲነገር ለአንድ ቀን ይመራል፣ ከዚያ በኋላ ሰውን በገዛ ሰፈሩ ቀና ብሎ ያስኬደዋል።

ጋሼ ግን ትልቁን ያወቁት ከሱቁ ውጭ ነው። በዚያው እሑድ፣ አስተማሪዋን ከሸኙ በኋላ፣ ካፖርቱን በክንዳቸው ይዘው ከባለቤታቸው ጋር ታላቅ እህታቸው ቤት ሄዱ። በሩን ሲያንኳኩ ልባቸው ትመታ ነበር፤ እንደነዚያ የበዓል ቀናት፣ አሁን ግን ከበሩ ውጭ ቆመው።

እህታቸው ከፈቱ።

«እትዬ፣ ካፖርቱ ለበዓል አልደረሰም» አሉ ጋሼ በአንድ ትንፋሽ። «ይደርሳል ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። አፍሬ ነው ያልመጣሁት።»

እህታቸው ካፖርቱን ተቀብለው፣ ሳያዩት ወንበር ላይ ጣል አደረጉትና የወንድማቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተ ሞኝ» አሉ። «ካፖርቱን መሰለህ በር በሩን ሳይ የዋልኩት?»