በበሩ አልገባ ያለው ግንድ

(በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት፣ በሽቦ ከተንጠለጠለ ወፍራም የአሉሚኒየም ግንድ አጠገብ፤ ግንዱን የነደፈችው የፊዚክስ መምህርት ዶክተር ፈትለወርቅ እና የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሼ ሽብሩ።)

ፈትለወርቅ፦ ቆረጥኩት ነው የምትለኝ፣ ጋሼ?

ሽብሩ፦ በበሩ አልገባም አለ። ግድግዳው ይፍረስ ብል ደብዳቤ ጻፍ አሉኝ፤ አንቺ ደግሞ ለሰኞ ግምገማ ካልደረሰ ሞቻለሁ አልሽ። ለሁለት ቆርጬ አስገባሁና እዚሁ በአርጎን ጋዝ በየድኩት። እስቲ እይው፤ መጋጠሚያውን ካገኘሽው ከምላሴ ፀጉር ንቀይ።

ፈትለወርቅ፦ እንዲታይ መሰለህ እንዴ የሠራሁት? እንዲሰማ ነው እንጂ። በል በዚህ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታው።

ሽብሩ፦ ይኸው፣ መታሁት።

ፈትለወርቅ፦ ሰማህ? ዱብ ብሎ ቀረ፤ ብየዳው ድምፁን ዋጠው። ወርክሾፕህ ሳለ አንዴ ነክተነው ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ገና ይዘምር ነበር።

ሽብሩ፦ የቤተክርስቲያን ደወል አይደል። ዝም ቢል ማን ይጎዳል?

ፈትለወርቅ፦ እኔ። ከሰማይ ጥግ ሁለት ከዋክብት ሲላተሙ ጠፈሩ ራሱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ያ ሞገድ እዚህም ይደርሳል። ያኔ ግንዱ በማይክሮስኮፕ እንኳ በማይታይ ልክ ይንቀጠቀጣል። ረጅም ጊዜ የማይዘምር ከሆነ ከመንገዱ ሁካታ ለይቼ አልሰማውም። የግንዱን ልክ ለማግኘት ወጣትነቴን ነው የጨረስኩት።

ሽብሩ፦ ለገምጋሚዎቹ አንናገራ። ማን ያውቃል?

ፈትለወርቅ፦ ሰኞ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት መምታት ነው። ካልዘመረ ምድር ቤቱ የወንበር ማከማቻ ይሆናል፣ ግንዱም ለቁርጥራጭ ይሄዳል። ሌላ የሚገዛልኝ የለም። አለቀልኝ፣ ጋሼ።

ሽብሩ፦ አታልቅሺ እንጂ፣ በእመብርሃን። እኔ የረዳሁሽ መስሎኝ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ቆይ። ስትቆርጠው እኩል ለእኩል ነው?

ሽብሩ፦ ምን ነካሽ፣ ለክቼ ነዋ። ከመሀሉ።

ፈትለወርቅ፦ እንግዲያው ብየዳውን መልሰህ ቁረጠው። ሁለት አጫጭር ግንዶች ይሁኑ። ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ጆሯቸውም ይደክማል፤ ግን ይዘምራሉ። አንዱ ብቻውን ቢንቀጠቀጥ ከባድ መኪና አልፎ ይሆናል። ሌላውን ሩቅ ከተማ ወስደን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተንቀጠቀጡ ግን ከሰማይ ነው።

ሽብሩ፦ እንዲህ ያለ ብየዳ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ከሰዓቱን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ አጎንብሼ…

ፈትለወርቅ፦ አንተ የእኔን ዕድሜ ቆርጠህ የለ? የራስህን አንድ ከሰዓት ቁረጥ።