የቀብር ሰዓት ጠባቂዎች

በ1989 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የእድራችንን ዳኛ አቶ ገብረሃንስን ሩዋንዳ ሰፈር ከእንድሪስ ሱቅ ደጃፍ አገኘኋቸው። ጥሩምባ ነፊው ማለፉ ነበር፦ የጎረቤታችን የካሳዬ እናት አርፈዋል፤ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፤ የቀረ ይቀጣል። አጠገባቸው ከፖሊስ ጣቢያው የመጣ ሳጅን በዳሳ የሚባል ወጣት ቆሟል።

“ይኸውልሽ ልጄ፣ ከቀብር ሰው አስቀሩ ይለኛል” አሉኝ።

“አምስት ሰው ብቻ ነው ያልኩት፣ ጋሼ” አለ ሳጅኑ። “ከመስከረም ወዲህ ሦስት ቀብር ነበር፤ በሦስቱም ሰዓት ቤት ተሰብሯል። ጥሩምባውን ሌባውም ይሰማል።”

“ታዲያ ጥሩምባውን እሰረው። ጎረቤቱን ሳይሸኝ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው አላውቅም። እኔ ስሞትም በራችሁን ዘግታችሁ ልትቀመጡ ነው?”

“እርስዎ ሲሞቱማ ሁላችንም እንመጣለን” አለ እንድሪስ ከመስኮቱ። “መሞትዎን ሳናይ ማን ያምናል?”

እኔ አልሳቅሁም። የአቶ ገብረሃንስ ባለቤት ወይዘሮ ፈለቀች ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከአልጋ አይወርዱም። በቀብር ቀን አቶ ገብረሃንስ በሩን ከውጭ ቆልፈውባቸው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ። በሩን የሚሰብር ሰው ወይዘሮ ፈለቀችን ነው የሚያገኘው።

“የሚቀሩትን ስም ጽፈው ይስጡኝ” አለ ሳጅኑ።

የአቶ ገብረሃንስ ፊት ተለወጠ። “በደርግ ጊዜም ለሰፈሩ ጥበቃ ነው ብለው ስም አስጻፉኝ። ከጻፍኳቸው ሁለቱ ልጆች አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት የማንንም ስም አልጽፍም።”

ሳጅኑ ደብተሩን አጠፈ። ሊቆጣ ይችል ነበር፤ አልተቆጣም። “እንግዲያው ስሙ እርስዎ ጋ ይቅር። እኔ ሰዓቱን ማወቅ ይበቃኛል፤ ባልደረባዬን ይዤ እመጣለሁ። ፖሊስ ብቻውን ጎረቤቱን ከባዳው አይለይም። የሚለዩት ሰዎች ይኑሩልኝ።”

ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ።

“የባለቤቴ ቀብር ዕለት ስንመለስ የጓዳዬ መስኮት ተሰብሮ ነበር። ለቀስተኛው እንዳይረበሽ ዝም አልኩ። ከሆስፒታል ያመጣሁትን ሻንጣ ወሰዱት። እሱ ራሱ ነበር ያሰናዳው፤ ገና አልከፈትኩትም ነበር። ውስጡ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።”

አቶ ገብረሃንስ የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በመስኮቱ ለእንድሪስ አቀበሉት።

“ፈለቀችን አደራ። ሌሎቹን አራት እኔ እነግራቸዋለሁ። ቅጣት የለባችሁም።”

በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ረዘመብን። አቶ ገብረሃንስ እጃቸውን በየደቂቃው ወደ ባዶ ኪሳቸው ይሰዱ ነበር። ሲመለሱ ከሁላችንም ፊት ፊት ሄዱ፤ በዕድሜያቸው እንዲያ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም።

እንድሪስ በራቸው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። “ሁለት ሰዎች ጋሪ ይዘው መጡ” አለ። “ ‘የእድሩን ወንበር ከዳኛው ቤት እንድናወጣ ተልከን ነው፤ ክፈትልን’ አሉኝ። ወንበሩ ያለው እኔ ሱቅ ጓሮ ነው። እሺ፣ ቁልፍ ላምጣ ብዬ ሳጅኑን ጠራሁት። ባልደረባው ሁለቱንም ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው።”

“ፈለቀችስ?”

“እየጠበቁዎት ነው። ቆየ ብለው ተቆጥተዋል።”

አቶ ገብረሃንስ መጀመሪያ በሩ አጠገብ የቆመውን የሳጅኑን እጅ ጨብጠው ገቡ።

እሑድ የእድሩ ጉባኤ ደንቡን አሻሻለ፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ራሳቸው አቶ ገብረሃንስ ናቸው። በየተራ ቤት የሚጠብቅ ሰው ቀብር እንደቆመ ይቆጠራል፤ ሰዓቱ ለጣቢያው ይነገራል፤ የተረኞቹ ስም በእድሩ እጅ ይቆያል። ዛሬ በሽተኛ ያለው ሰው ሳይሰጋ ጎረቤቱን ይሸኛል። ፖሊሱም ስማችንን እየጠራ ሰላም ይለናል፤ እኛም የሱን እናውቃለን።

በዚያ ማክሰኞ ከቀብር ስንመለስ ከካሳዬ ጋር ወደ ቤቱ ገብቼ ነበር። የእናቱ ነጠላ ማንም ሳይነካው ጠዋት በተሰቀለበት ምስማር ላይ አለ። ካሳዬ አውርዶ ደረቱ ላይ ያዘው። እኔ ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁለት።